ሰበታ የቀረው ስልክ

መብሩካ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ እጇን ወደ ጃኬቷ ኪስ ትሰዳለች፤ ባዶ ነው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትሰዳለች፤ አሁንም ባዶ ነው። ባዶ መሆኑን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ እጅ ልማዱን እንዲህ በቀላሉ አይተውም። ስልኳ ያለው ሰበታ ነው፤ ያውም ሥራ ላይ። እሷ የእህቷን ነገር ለማየት እንጦጦን ተሻግራ ስትወጣ፣ ስልኳ በጓደኛዋ በሩሃማ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ጤና ጣቢያ ይገባል፣ «ደርሻለሁ» ይላል፣ እሷን መስሎ ይውላል።

አጠገቧ የተቀመጠች ሴት መቁነጥነጧን አይታ «የኔ ልጅ፣ ተሰረቅሽ እንዴ?» አለቻት።

«አይ፣ ቤት ረስቼው ነው» አለች መብሩካ። የዚያን ቀን የመጀመሪያ ውሸቷ ግን ይህ አልነበረም።

መብሩካ ቡራዩ ባለ አንድ ኮሌጅ የአዋላጅነት ተማሪ ናት፤ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ኮሌጁ ዘንድሮ ለተግባር ልምምድ የሚወጡ ተማሪዎች ስልክ ላይ አንድ አፕ ጫነላቸው። ጠዋት የተመደቡበት ጤና ጣቢያ ደርሰው ሲከፍቱት፣ አፑ ያሉበትን ቦታ አይቶ መገኘታቸውን ይመዘግባል። የሠሩትን ይጽፉበታል፤ አብራቸው የቆመችው አዋላጅም ከራሷ ስልክ ላይ ታጸድቅላቸዋለች፣ ወይም «እንደገና» ትላቸዋለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መምህር ተክሉ ከኮሌጁ ሆኖ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ሳይመልሱ መዋል የለም።

እውነት ለመናገር መብሩካ አፑን ትወደው ነበር። ከቡራዩ ሰበታ መመላለስ ቀልድ አይደለም። አየር ጤና ላይ ታክሲ ተሰልፋ ስትቆም የእንግዴ ልጅ እንዴት እንደሚወጣ የሚያሳየውን ቪዲዮ እየመላለሰች ታያለች፤ ከኋላዋ የተሰለፈ ሰው አጮልቆ አይቶ በድንጋጤ ፊቱን ሲያዞር ትስቃለች። ፊት ለፊት ለመጠየቅ የምታፍረውንም ነገር በአፑ ለሲስተር ጥሩሰው ትጽፍላታለች። ሲስተር ጥሩሰው የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ ናት፤ ሲጠይቋት የምትቆጣ፣ ሲጽፉላት ግን ቁጭ ብላ የምታብራራ ሴት።

ስልክ ይዞ ማዋለጃ ክፍል መግባት ግን ጣጣ አለው። አንድ ቀን አንዲት እናት በምጥ መሃል ቀና ብላ መብሩካን ስልክ ይዛ አየቻትና «እኔ እዚህ እየሞትኩ ይቺ ቲክቶክ ታያለች!» ብላ ጮኸች። ውጭ የነበሩት ዘመዶቿ በሩን ሊገነጥሉት ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ ወዲህ ሲስተር ጥሩሰው ሕግ አወጣች። የተማሪ ስልክ ሁሉ መስኮቱ ሥር ባለ የብረት ትሪ ላይ ይቀመጣል፤ ጀርባው ላይ በቁስል ፕላስተር የባለቤቱ ስም ይለጠፍበታል። ሥራ አልቆ፣ እጅ ታጥቦ፣ ከዚያ ነው ስልክ የሚነሣው።

አፑ ደግሞ አንድ የዋህነት ነበረበት። የሚያውቀው ስልኩ የት እንዳለ እንጂ ሰውዬው የት እንዳለ አይደለም። ተማሪ ይህን ለማወቅ ስንት ቀን ይፈጅበታል? ወዲያው ነው የነቁበት። «ዛሬ ተሸከሚኝ» ይባባላሉ። አንዱ ይቀራል፣ ሌላው ስልኩን ይዞለት ይገባል። ሩሃማ ደግሞ ቤተሰቧ ከአዲስ አበባ ወጥተው ሰበታ ስለተከራዩ፣ ጤና ጣቢያው ደጇ ነው፤ የሁሉ ተሸካሚ ሆነች። ሳቂታ ናት፣ እምቢ ማለት አታውቅም። መብሩካ ግን እስከዚያ ቀን የሰው ስልክ ተሸክማም፣ የእሷንም ሰው ተሸክሞላት አያውቅም፤ እንዲያውም ሩሃማን «አንድ ቀን ጉድ ትሆኛለሽ» እያለች የምታስፈራራት እሷ ነበረች።

ምን ታድርግ? አያቷ ሲሞቱ ለቅሶ ተቀምጣ የተፈቀደላትን መቅሪያ ቀን ጨርሳዋለች። አሁን አንድ ቀን ከቀረች ልምምዱን ከሥሩ ትደግማለች፤ ከጓደኞቿ ጋር መመረቅ ቀረ ማለት ነው። አባቷ ኦቦ ከድሩ ደግሞ ቡራዩ ያለ ጨርቅ ቤታቸው ለገባ ደንበኛ ሁሉ «ልጄ እኮ ልትመረቅ ነው» ማለት ከጀመሩ ሰንብተዋል። ለምረቃ ቀሚሷ የሚሆን አረንጓዴ ጨርቅ መርጠው፣ ማንም እንዳይገዛው ከላይኛው መደርደሪያ ሰቅለውታል።

እንዲህ ባለበት ታላቅ እህቷ ኑሃ ከሱሉልታ ድምፅ ላከችላት። ኑሃ ያገባችው ሱሉልታ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ላለው ለጃዕፈር ነው፤ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፣ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። «መብሩካዬ፣ ራሴን ፈልጦ ሊገድለኝ ነው። እዚህ ሁሉም ፀሐይ ነው ይሉኛል። አንቺ ነይና እይኝ።» መብሩካ «ሐኪም ቤት ሂጂ» ብላ መለሰችላት። ኑሃም «የክትትል ቀጠሮዬ የሚመጣው ሳምንት ነው፤ እስከዚያ አማቴ አትንገላቺ አሉኝ» አለች። መብሩካ ያንን ድምፅ ደጋግማ ሰማችው። በነጋታው ማታ ሰበታ ታክሲ ተራው ላይ ስልኳን ከኪሷ አወጣችና ለሩሃማ ሰጠቻት።

ሩሃማ በሳቅ ፈነዳች። «አንቺም? ወላሂ በይ!»

«አትሳቂ። ነገ ብቻ ነው።»

የሱሉልታ ንፋስ ከታክሲው ስትወርድ ሂጃቧን ሊነጥቃት ታገለ። የእነ ጃዕፈር ቤት ከሱቁ ጀርባ ነው። ከደጁ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ሲሚንቶ ያራግፋል፤ ጃዕፈር አቧራ ለብሶ ከወዛደሮቹ ጋር ይሟገታል። መብሩካን ሲያያት በእጁ «ግቢ፣ ግቢ» አላት።

እማማ ራቢአ፣ የጃዕፈር እናት፣ በር ላይ ተቀበሏት። ስመው ስመው አልጠገቧትም። «አባትሽ ደህና ናቸው? ቡራዩ ደህና ነው? ገበያው ደህና ነው?» መብሩካ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያለች ዓይኗ ከትከሻቸው በላይ ኑሃን ይፈልጋል።

ኑሃ ከመስኮቱ ሸሽታ፣ ጥግ ላይ ባለ ፍራሽ ላይ ተጋድማ ነበር። መብሩካ ልትስማት አጎነበሰች። የእህቷ ፊት የእህቷ አይመስልም፤ የዓይኖቿ ቆብ አብጦ ዓይኗን ሊከድነው ደርሷል። የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ ወጥቶ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«በሳሙና ነው ያወጣነው» አሉ እማማ ራቢአ እየሳቁ። «ወንድ ነው የያዘችው። ወንድ ልጅ እናቱን እንዲህ ያሳብጣል።»

«ዓይንሽስ?» አለች መብሩካ።

«ብልጭ ብልጭ ይልብኛል» አለች ኑሃ። «አሁን አንቺንም ደህና አድርጌ አላይሽም። ጨጓራዬ ደግሞ፣ እዚህ ጋ» ብላ እጇን ከጎድኗ ሥር አስቀመጠች። «ትናንት ጀመረኝ።»

መብሩካ እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች። ባዶ። ያንን ገጽ ታውቀዋለች፤ አፑ ላይ በቀይ የተጻፈው ገጽ ነው። ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን ሥር ሕመም፣ የፊት እብጠት፤ ከታች ደግሞ በትልቁ፦ አሁኑኑ። ግፊት ነው፤ የእርግዝና ግፊት፤ ካደረ እናቲቱን የሚያንቀጠቅጥ፣ ሁለቱንም ነፍስ ይዞ የሚሄድ። በመመላለሻ መንገዷ ሃያ ጊዜ አንብባዋለች። አሁን ግን ያንን ቀይ ጽሑፍ በዓይኗ ማየት ፈለገች፤ ከማየቷም በላይ ለነዚህ ሰዎች ማሳየት ፈለገች።

«ተነሡ፣ ሐኪም ቤት እንውሰዳት» አለች። «አሁን።»

እማማ ራቢአ ሳቃቸው ጠፋ። «ሐኪም ሆንሽ እንዴ ልጄ?»

«ተማሪ ነኝ፣ ግን—»

«ተማሪማ ተማሪ ነሽ። ባለፈው ሐኪሙ አይቷት ደህና ነሽ ብሏታል። ጃዕፈር ዕቃውን ያራግፍ፣ ወደ ማታ ይወስዳታል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የጎረቤታችን ልጅ ራሴን አመመኝ ብላ ሄዳ ሆዷን ቀደው ነው የመለሷት። በየምክንያቱ እያጣደፉ ነው የሚቀዱት። እኔ ልጄን አላስቀድድም።»

ክፉ ሴት አይደሉም። ኑሃን እንደ ልጃቸው ነው የሚወዷት፤ ፈርተው ነው። ግን ፍርሃታቸው ከመብሩካ ፍርሃት ጋር መንገድ ላይ ተያይዞ የቆመ መኪና ሆነ፤ አንዱ ካልተነሣ ሌላውም አይሄድም።

መብሩካ ወደ ደጅ ሮጠች። «ጃዕፈር፣ ኑሃን አሁን መውሰድ አለብን።»

«እናቴ ምን አሉ?» አለ ጃዕፈር። ሾፌሩ ጮኸበት፤ ዞረ፤ ተመልሶ ዞረ። በሾፌሩና በመብሩካ መሃል ቀረ። «እናቴ እሺ ካሉ አሁኑኑ መኪና አስነሣለሁ።»

«እሺ፣ ስልክህን ስጠኝ።»

ሰጣት። ማን ጋ ልትደውል? የሲስተር ጥሩሰውን ቁጥር አታውቀውም፤ ስልኳ ነው የሚያውቀው። የሩሃማንም፣ የመምህር ተክሉንም እንዲሁ። የአባቷን ሱቅ ቁጥር ታውቃለች፤ ነገር ግን ኦቦ ከድሩ ከእማማ ራቢአ ጋር ሰላምታ ጀምረው እስኪጨርሱ፣ መጨረሻውም «ኢንሻአላህ ደህና ትሆናለች» እስኪሆን ይታያታል። ከዚያ በቀር በቃሏ የምታውቀው ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ የራሷ።

ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። እንደገና ደወለች። ጠራ፣ ተቋረጠ። «አንሺው እንጂ ሩሃማ! አንሺው!» ከቤት ውስጥ የኑሃ የማስመለስ ድምፅ ይሰማል። ለሦስተኛ ጊዜ ደወለች፤ ተነሣ።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

ሩሃማ አይደለችም። ሲስተር ጥሩሰው ናት።

የመብሩካ አውራ ጣት ስልኩን ሊዘጋ ሄደ። ብትዘጋው ማንም አያውቅም። ሲስተር የማታውቀው ቁጥር ነው፤ ተሳስቶ የደወለ ሰው ነው። ሩሃማ አንድ ነገር ፈጥራ ትሸፍናለች፤ ይሄኔም ሸፍናታለች። አረንጓዴው ጨርቅ ትዝ አላት። አባቷ ትዝ አሏት። ያቺ እምቢ የማትል ሩሃማ ትዝ አለቻት።

«ሲስተር፣ መብሩካ ነኝ» አለች።

በስልኩ ውስጥ ውኃ ሲፈስ፣ አንድ ጨቅላ ሲያለቅስ ይሰማል።

«መብሩካ? ስልክሽ እኮ እኔ እጅ ነው፤ ስምሽ ተለጥፎበታል። ሩሃማ ቻርጅ ላይ ነው፣ እሷ ክትባት ክፍል ናት አለችኝ። ሲጮህብኝ ነው ያነሣሁት። አንቺ የት ነሽ?»

«ሱሉልታ። ክትባት ክፍል አይደለሁም። ጠዋትም አልገባሁም። ሲስተር፣ በኋላ የፈለጉትን ያድርጉኝ፤ እህቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ስምንት ወሯ ነው። ራሷን ከጀመራት ቀናት ሆኗል፣ ዓይኗ ብልጭ ይልባታል፣ ፊቷ አብጧል፣ ከጎድኗ በታች ያማታል፣ አሁን ደግሞ ታስመልሳለች። አይሰሙኝም። ማንም አይሰማኝም።»

የሲስተር ጥሩሰው ድምፅ ሌላ ሆነ፤ ከምጥ አልጋ አጠገብ ስትቆም የሚወጣት ድምፅ ነው። «ግፊቷን ለክተሻል?»

«መለኪያ የለኝም።»

«በግራ ጎኗ አስተኚያት። ከዚያ የቤቱን ትልቅ ሰው ስጪኝ። ድምፁን ከፍ አድርጊው።»

መብሩካ ገብታ ኑሃን በግራ ጎኗ አስተኛቻትና ስልኩን ለእማማ ራቢአ ዘረጋችላቸው። እንደ እባብ አዩት። ከስልኩ ውስጥ «አካም ጅርቱ እናቴ» የሚል የኦሮምኛ ሰላምታ ሲወጣ ግን ሳያስቡት በዚያው ቋንቋ «ነጋ» ብለው መለሱ።

«እኔ ሲስተር ጥሩሰው እባላለሁ። አዋላጅ ነኝ፤ በዚህ ሥራ ነው ያረጀሁት። ልጅቷ የነገረችኝ ልክ ከሆነ ይህ ፀሐይ አይደለም፣ ወንድ ልጅም አይደለም። ግፊት ነው። እስከ ማታ ከጠበቃችሁ ትንቀጠቀጥና ከእጃችሁ ታመልጣለች። አሁን ከሄደች መርፌ አለ፣ መድኃኒት አለ።»

እማማ ራቢአ መብሩካን ከላይ እስከ ታች አዩአት። «ሲስተር፣ ይቺ ልጅ ትታመናለች?»

መብሩካ ዓይኗን ጨፈነች።

«የት እንዳለች ዋሽታኛለች» አለች ሲስተር ጥሩሰው። «ስላየችው ነገር ግን ዋሽታኝ አታውቅም። ተነሡ።»

እማማ ራቢአ ሻሻቸውን ጠምጥመው፣ መብሩካ ከእሳቸው ሰምታው በማታውቀው ድምፅ «ጃዕፈር! ሲሚንቶውን ተወውና መኪናውን አምጣ!» ብለው ጮኹ።

ሐኪም ቤቱ ሩቅ አልነበረም። ነርሷ የኑሃን ግፊት ለካች፤ ደግማ ለካች፤ ከዚያ ብድግ ብላ ሮጠች። መርፌ ወጓት፣ ሌላም ወጓት፣ በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ላኳት። እማማ ራቢአ እንደፈሩት ሆዷን ቀደዱት። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሐኪም ወጥታ «ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ሴት ልጅ ናት፣ ትንሽ ናት፣ ግን ትጮኻለች» ስትል፣ እማማ ራቢአ የመብሩካ አንገት ላይ ተጠምጥመው እንደ ሕፃን አለቀሱ። «ወንድ ነው ብዬ…» አሉና መጨረስ አቃታቸው። መብሩካም አለቀሰች። የእሷ ግን የደስታ ብቻ አልነበረም፤ ነገ ሰበታ የሚጠብቃት ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያታል።

በማግስቱ ሩሃማ ስልኩን በረንዳው ላይ ሰጠቻት። ፊቷን ግን ወደ እሷ አላዞረችም።

«እህትሽ?»

«ዳነች። ሴት ወለደች።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት።» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «እንድትዋሺ ፈልጌ አይደለም። ግን ሲስተር መጥታ ስታፋጥጠኝ ምን እንደሆንኩ አታውቂም» አለችና ሄደች።

መብሩካ አፑን ከፈተችው። የትናንቱ የመምህር ተክሉ ጥያቄ ላይ ሩሃማ በእሷ ስም ጽፋላታለች፦ «ዛሬ በክትባት ክፍል የእናቶችን ጥያቄ በትዕግሥት መስማት ተማርኩ።» ከሥሩ መምህሩ «ጎበዝ መብሩካ!» ብሎላታል። ያ ጎበዝ ፊቷን አቃጠላት። ባልሠራችው ነገር መመስገኗን ስታይ ከስድብ ሁሉ የባሰ ሆነባት።

ሲስተር ጥሩሰው ያየችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ለኮሌጁ ላከች። መምህር ተክሉ መጥቶ ሁለቱንም ፊት ለፊቱ አስቀመጣቸው፤ መሸከም እስከ ዛሬ ስንት ሰው እንዳሳለፈ ሲሰማ ራሱን ያዘ። ሁለቱም ልምምዱን ከመጀመሪያው እንዲደግሙ ተወሰነ። መብሩካ ከቢሮው ስትወጣ ሲስተር ጥሩሰውን ኮሪደር ላይ ጠበቀቻት። መብሩካ ተናዳ ነበር።

«ሲስተር፣ ሊያልፉን ይችሉ ነበር። እህቴ እኮ ናት።»

«እህትሽ በመዳኗ ከአንቺ እኩል ደስ ብሎኛል» አለች ሲስተር ጥሩሰው። «ግን እኔ ስልኬ ላይ የማጸድቀው አንቺን አምኜ ነው። ነገ የአንዲትን እናት ግፊት ሳትለኪ ለካሁ ብለሽ ብትጽፊ፣ እኔ በምን አውቃለሁ?»

መብሩካ ቤት ስትገባ አባቷ ነገሩን ሁሉ ሰምተው ጠበቋት። የኑሃን መትረፍ አመሰገኑ፤ ከዚያ ሱቅ ገብተው ለልብስ ሰፊው ሊልኩት ያወረዱትን አረንጓዴ ጨርቅ አጣጥፈው መልሰው ከላይ ሰቀሉት። ይህ ከቁጣ በላይ ጎዳት።

ጓደኞቻቸው ተመርቀው ሄዱ። መብሩካና ሩሃማ ከነሱ በታች ካሉ ተማሪዎች ጋር ሰበታ ተመልሰው ገቡ፤ እዚያው ክፍል፣ እዚያው ትሪ። ሩሃማ አትስቅም። ለሥራ ካልሆነ መብሩካን አታናግራትም፤ «ጓንት አቀብይኝ» ትላለች፣ በቃ። መብሩካ ታክሲ ውስጥ ሆና «ይቅርታ» ብላ ትጽፍና ሳትልከው ታጠፋዋለች። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይባልም፤ በአፍ ደግሞ አልወጣ አላት።

በመጀመሪያው ጠዋት ሲስተር ጥሩሰው በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ሁለቱም አፑን ሊከፍቱ ስልካቸውን አውጥተዋል።

«ቆዩ። እሱ በኋላ ይደርሳል። ስልካችሁን ትሪው ላይ አድርጉና የኔን ቁጥር በቃላችሁ በሉልኝ።»

ተያዩ። የሚያውቅ የለም። «ሂዱ፣ አጥንታችሁ ኑ» ብላ ኮሪደር ላይ አቆመቻቸው። በማግስቱም እንዲሁ፤ መብሩካ መሃሉ ላይ ተሳሳተች፣ ሩሃማ መጨረሻውን ረሳች። አዲሶቹ ተማሪዎች ይስቁባቸዋል። እየቆየ ግን ሁለቱም እንደ ስማቸው ለመዱት፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ሳይጠየቁ ይሉት ጀመር።

አንድ ጠዋት መብሩካ ቁጥሩን ልትጀምር አፏን ስትከፍት ሲስተር ጥሩሰው እጇን አነሣች።

«የኔን ተዉት። ዛሬ አንዳችሁ የሌላችሁን።»

መብሩካ የሩሃማን ቁጥር አታውቀውም። ያን ቀን ቢያስፈልጋት አላወቀችውም፤ ከዚያም ወዲህ ላጥናው ብላ አላሰበችም። ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

ሩሃማ ትሪው ላይ ያሉትን ስልኮች እያየች ቆየች። ከዚያ አንገቷን ሳታነሣ የመብሩካን ቁጥር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድም ቦታ ሳትደናቀፍ፣ በአንድ ትንፋሽ አለችው።

መብሩካ ዓይኗ እንባ ሞላ። «መቼ ነው ያጠናሽው?»

«አኩርፌሽ ሳለሁ» አለች ሩሃማ፤ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ወደ እሷ ዞራ። «በይ ስሚ፣ የኔን ልንገርሽ።»